ማዳመጥን እንፈትናለን እንጂ አናስተምርም

ለአዘጋጁ፣

ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት በምታወጧቸው ጽሑፎች ሰዋስው አይጠፋም። ጆሮና አንደበት ግን ይረሳሉ። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ከጥፋቱ ራሴን አላወጣም።

ለዓመታት የማዳመጥ ክፍለ ጊዜዬ አንድ ዓይነት ነበር። የድምፅ ቅጂውን አሰማለሁ፣ አሥር ጥያቄ አስመልሳለሁ፣ አርማለሁ፣ ደወል ይደወላል። ስድስት ያገኘው ተማሪ አራቱ ለምን እንዳመለጡት አያውቅም። እኔም አላውቅም። ይሄ ፈተና ነው።

አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ያመለጣትን ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ሳሳያት «ውይ፣ ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» አለች። እውነቷን ነው። በዓይኗ ታውቀዋለች። ሲነገር ግን ቃላቱ እርስ በርስ ይዋዋጣሉ፤ «ሹድ ሃቭ» «ሹደቭ» ይሆናል። «ፎቶግራፍ» ወደ «ፎቶግራፈር» ሲቀየር ጫናው፣ ማለትም ጠንከር ተደርጎ የሚነገረው ቦታ፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ቃል ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ ቃሉ ሌላ ቃል ይመስላል። አማርኛ የሚማር ሰውም «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ እንዲሁ ግራ ይጋባል።

አሁን ጥያቄው ካለቀ በኋላ ብዙዎች የሳቱትን ቦታ ሃያ ሰከንድ ያህል ቆርጬ ደጋግሜ አሰማለሁ። የሰሙትን ቃል በቃል ይጽፋሉ፣ ከጽሑፉ ጋር ያስተያያሉ። ስህተቱ ያለው ሁልጊዜ ከባድ ቃል ላይ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ «ኦቭ»ን እና «ሃቭ»ን የመሰሉ ትንንሾቹ ላይ ነው።

«አይኤልትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ቅጂው አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እኛም አንዴ እናሰማቸው» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ሯጭ በየቀኑ ውድድር አይሮጥም።

ሌክቸር መከታተል ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መምህሩ «ሃቪንግ ሴድ ዛት» («ይህን ካልኩ በኋላ ግን») ሲል ሐሳቡን ሊገለብጥ ነው። «ባይ ዘ ዌይ» («በነገራችን ላይ») ሲል ብዕር ማስቀመጥ ይቻላል። ይህን ያልለመደ ተማሪ ሁሉንም ልጻፍ ሲል ሁሉም ያመልጠዋል። ከጓደኛ ጋር እንግሊዝኛ ማውራት መቻሉም አያድነውም። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጂም ከሚንስ የጨዋታና የትምህርት ቋንቋን እ.ኤ.አ. በ1979 ለይተው አሳይተዋል፤ በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ የመጀመሪያው 2 ዓመት ገደማ፣ ሁለተኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል ይላሉ።

ንግግር ላይ ትልቁ በደላችን ችኮላ ነው። የትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሳይንስ ክፍሎች ባደረጉት ጥናት፣ መምህር ጠይቆ የሚታገሰው 1 ሰከንድ ያህል ነበር። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝመው መልሶቹም ረዘሙ። በሁለተኛ ቋንቋ የሚያስብ ልጅማ ስንት ይፈልግ ይሆን! እኔ ዝምታውን መቻል ሲያቅተኝ በሆዴ እቆጥራለሁ።

ሌላው የምወደው ዘዴ ተማሪው ያንኑ ርዕስ ለአንዱ ጓደኛው 4 ደቂቃ፣ ለሌላው 3፣ ለሦስተኛው 2 ደቂቃ የሚናገርበት ነው። ሐሳቡ ያው ነው፣ ሰሚው አዲስ። ሦስተኛው ላይ «እእእ» ማለቱ ይቀንሳል። ክፍሉ ገበያ ይመስላል፤ በጎረቤት ክፍል ያለው መምህር ግድግዳ መደብደቡ አይቀርም።

«መጽሐፉስ መቼ ያልቃል?» ይሉኛል። አያልቅም። ባለፈው ሴሚስተር ሁለት ምዕራፍ ቀርቶብኛል፤ አልቆጨኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር