ሜትሩ የት ላይ ነው የተጠመጠመው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ውፍረት የሚወጡ ጥናቶችን ስትዘግቡ ወገብ የት ላይ እንደተለካ አብራችሁ ጻፉልን። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሜትሩ በመጨረሻዋ የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ እኩሌታው ላይ እንዲያርፍ ያዛል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ደግሞ እዚያው የዳሌው አጥንት አናት ላይ። በተለይ በሴቶች ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጡ ውጤቶቹን እንዲሁ ማወዳደር ያሳስታል። ንባቡም ተለኪው በተለመደው አተነፋፈስ አየር አስወጥቶ ሲጨርስ ነው፤ ሰው ሜትር ሲያይ ሆዱን መሳቡ አይቀርም።

የባሰው የቁመት ስህተት ነው፤ ውፍረት በሚለይበት የሰውነት ክብደት ምጣኔ (BMI) ስሌት ክብደት የሚካፈለው ለቁመት ስኩዌር፣ ማለትም ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ነውና። 76 ኪሎ የምትመዝን፣ ቁመቷ 1.58 ሜትር የሆነ ሴት ምጣኔዋ 30.4 ነው፤ የውፍረት መነሻ የሆነውን 30ን አልፋለች። የቁመት መለኪያው ሰሌዳ ሹሩባዋ ላይ አርፎ 1.60 ቢነበብ 29.7 ይሆንና ከውፍረት መዝገብ ትወጣለች! ሹሩባውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ሰሌዳው አናቷን እስኪነካ ማውረድ ደግሞ ሰከንዶች ቢፈጅ ነው።

ሁለት ለኪዎች አንዱ የሌላውን ንባብ ሳያይ ያንኑ ሰው ለክተው ልዩነታቸው ካልተጻፈ፣ «ወገብ በአንድ ሴንቲሜትር ቀነሰ» የሚል ጥናት ሊያሳምነን አይገባም።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ