የጋሼን ጀሶ ይመልሱልን፦ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው የከተማችን ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ሦስት ጊዜ በማመልከቻ ጠይቄ፣ በአካል ደግሞ ለወራት ደጅ ጠንቼ አንድም መልስ ስላላገኘሁ ነው። የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጠቅስም፤ ማመልከቻዎቻችን በእጅዎ ስለሆኑ ማንን እንደምናገር ያውቃሉ።

ጉዳዩ በሞት የተለዩን የቀራፂው መምህሬ፣ እኛ ተማሪዎቻቸው ጋሼ ብቻ ብለን የምንጠራቸው ሰው፣ የመጨረሻ ሥራ ነው። ጋሼ ጅማ ውስጥ ሄርማታ አካባቢ በነበረቻቸው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ቀን ቀን ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከዋንዛ ግንድ እየጠረቡ ልጆች አሳድገዋል፤ ማታ ማታ የሰው ምስል ይቀርፁ ነበር። የመጨረሻው ሥራቸው የአንዲት ቡና ለቃሚ እናት ራስና ትከሻ ሲሆን በጀሶ የተሠራ ነው። ዐይኖቿ ወደ ጎን ዝቅ ብለዋል። ጅማ ያደገ ሰው ያን አስተያየት ያውቀዋል፤ እጇ ቡና እየለቀመ፣ ልቧ ከዛፉ ጥላ ሥር ካስተኛችው ሕፃን ጋር ያለ እናት እንዲያ ነው የምታየው።

ጋሼ ከማረፋቸው በፊት ይህ ሥራ በነሐስ እንዲወጣ፣ ቁጥሩም ከ12 እንዳያልፍ ነግረውናል። እኛም ከቤተሰባቸው ጋር ተስማምተን 8ቱ ተራ ቁጥር ተቀርፆባቸው ለሽያጭ እንዲቀርቡ፣ ከቀሩት 4ቱ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለጅማ ሙዚየም እንዲሆን፣ በሽያጩም ገንዘብ ያቺ ክፍል ለወጣቶች የመማሪያ ቦታ እንድትሆን አሰብን። ይህ አሠራር እኛ የፈጠርነው አይደለም። ፈረንሳዊው ቀራፂ ሮዳን እ.ኤ.አ. በ1916፣ ከመሞቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ ሥራዎቹን ከማባዛት መብታቸው ጋር ለፈረንሳይ መንግሥት አስረክቧል፤ በስሙ የተቋቋመው ሙዚየም እስከ ዛሬ ከአንድ ሥራ ከ12 በላይ የነሐስ ቅጂ እንዳያወጣ በሕግ ተገድቧል።

ገደቡ ለምን እንዳስፈለገ ልግለጽ። ከጀሶው ላይ ሞልድ፣ ማለትም ቅርፁን የሚገለብጥ ባዶ ማፍሰሻ፣ ይወሰዳል፣ በሞልዱ ሰም ይፈስሳል፣ ሰሙ በእጅ ከታረመ በኋላ በጭቃ ተለብጦ ይቃጠላል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ነሐሱ በቦታው ይገባል። የቅኔያችን ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሙያ ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ሞልዱ ይሰበራል። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው 13ኛ እንደማይኖር ስለታመነ ነውና፣ ያ ቃል ከተሰበረ ቅጂዎቹም ዋጋ አይኖራቸውም። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ደግሞ ከቅጂ ላይ የተወሰደ ቅጂ ከዋናው ያንሳል፣ መስመሮቹም ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ሁሉም ነገር በዋናው ጀሶ ላይ የተመሠረተ ነው።

ያንን ጀሶ መሥሪያ ቤትዎ ለ7 ቀን ግምገማ ብሎ በደረሰኝ ወሰደው። ድጋፍ እንደሚደረግልን ስለተነገረን በጋቢ ጠቅልለን፣ እንደ ሕፃን ታቅፈን አመጣነው። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

ያየችውስ የጋሼ ባለቤት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በየድግሱ ቡና እያፈላች የምትኖር ሴት ናት። መሥሪያ ቤትዎ ባዘጋጀው የእንግዶች አቀባበል ላይ ጀበናዋን ጥዳ ሳለ፣ ለእንግዶቹ በስጦታ የሚታደለው ሣጥን ሲከፈት የባሏን ሥራ አየችው። በፋይበር ግላስ ተባዝቶ ወርቃማ ቀለም ተቀብቷል። ከሻሹ ቋጠሮ ላይ ጋሼ ጀሶው ሳይደርቅ የተዉት የአውራ ጣታቸው አሻራ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ አለ፤ ከሥሩ የነበረው ስማቸው ግን ተፍቆ የመሥሪያ ቤትዎ ዓርማ ተለጥፎበታል። ስኒውን ማቅረብ አልቻለችም። ሥራዋን ትታ ስትወጣ የቀን ክፍያዋን እንኳ የሰጣት የለም።

ሕግ ላስተምርዎ አልተነሣሁም። የቅጂ መብትን የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው ሠሪው ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት እንደሚቀጥል መደንገጉን፣ ሠሪው በሥራው ላይ በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለው ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ቅርስን የመንከባከብና ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል፤ ያ ኃላፊነት በዚህች ከተማ ውስጥ በእርስዎ ትከሻ ላይ ያለ ነው። ይህን ይዤ ስመጣ ከሥርዎ ያሉት ሠራተኛ፣ «ሥራቸውን አስተዋወቅንላቸው፣ ምን ጎደለባችሁ?» አሉኝ። የጎደለው ስማቸው ነው። ስሙ የተፋቀ ሰው በምን ይተዋወቃል? በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ኤግዚቢሽን ያልተዘጋጀላቸው ሰው፣ ሞተው ሥራቸው ለእንግዳ መሸኛ ሲሆን ስማቸው ለምን ከበደ?

ስንት ቅጂ እንደወጣ፣ ለማን እንደተሰጠ በጽሑፍ ይግለጹልን፤ የቀሩትን ያስረክቡን፤ ሞልዱ በፊታችን ይሰበር፤ ባለቤታቸውን ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅርታ ይጠይቋት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጀሶው ይመለስ። ጀሶ መለያ ቅባት በወጉ ሳይቀባ ሞልድ ከተወሰደበት ገጹ ተልጦ ይነሣል፤ እስከ ዛሬ የምንፈራው ይህንን ነው።

ደረሰኙ በባለቤታቸው እጅ ነው። ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት ያንኑ ጋቢ ይዘን ቢሮዎ እንመጣለን።

ከጋሼ ተማሪዎች አንዱ፣ ጅማ