ካፒቶልስን አትርሱብን

ሰላም አዘጋጅ፣

የዲሲ ቅርጫት ኳስ ሲነሳ ሁሉም ከዊዛርድስ ነው የሚጀምረው፤ ይሄ ያንገበግበኛል። ከነሱ በፊት ዋሽንግተን ካፒቶልስ ነበር። በ1946 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት፣ ገና የ29 ዓመት ወጣት የነበረው ሬድ አወርባክ እያሰለጠነው፣ 49 ጨዋታ አሸንፎ 11 ብቻ ተሸነፈ።

እኔን የሚቆጨኝ ግን የኧርል ሎይድ ነገር ነው። የአሌክሳንድሪያ ልጅ ነው፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት የኛዋ አሌክሳንድሪያ። ኦክቶበር 31 ቀን 1950 በካፒቶልስ ማሊያ ሮቼስተር ላይ ገብቶ በኤንቢኤ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ሰባት ጨዋታ እንዳደረገ ለውትድርና ተጠራ። ቡድኑም ዓመቱን ሳይጨርስ ጃንዋሪ 1951 ላይ ፈረሰ፣ በቃ።

ሜዳቸው ዩላይን አሬና ግን ከዩኒየን ስቴሽን ወደ ሰሜን፣ ሐዲዱ ጥግ አሁንም ቆሟል። የካምፕ ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ባለፈው ለልጄ ጃኬት ልገዛ ገብቼ ቀና ስል፣ ያ ትልቅ ቅስት የኮንክሪት ጣሪያ እንዳለ አለ። ጃኬቱን ትቼ «ሎይድ እዚህ ተጫውቷል» አልኩት። «ሎይድ ማነው?» አለኝ።

እባካችሁ ስለ እሱ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ