ስለ ጃክ ጆሮ

አራት ኪሎ፣ ነሐሴ 5

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከዝናቡና ከጭቃው በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትምህርት ቤት ደብዳቤ ስንጽፍ እንዲህ ነበር የምንጀምረው፣ ትዝ ይልሻል? ፒያሳ ፈርሶ አንቺ ሐዋሳ ከገባሽ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ነገ ስል ዘገየሁ፣ ከዘገየሁ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

ለዚህ ነው ያለፈው ሳምንት መልእክትሽ ያስደሰተኝ። "ውሻዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል፣ ጃክም እንዲህ ያደርገው አልነበር?" በውሻ ታረቅን ማለት ነው።

አዎ፣ ያደርገው ነበር። ክረምት ከበጋ አይልም። መዳፉን ሲልስ ይውላል። ጆሮው ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ይሞላል፣ ሽታው ራሱ የጠላ አተላ ነው። ጠብታ እገዛለሁ፣ ይሻለዋል፣ ጠብታው ሲያልቅ ይመለሳል። በመሀል ቁንጫ ነው ብዬ ስንት መድኃኒት ገዛሁ። አንቺም መጀመሪያ ቁንጫና እከክ እንደሌለበት አስመርምሪ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ጃክ ግን ምንም አልተገኘበትም።

ነገሩን ያወጣው ሁዳዴ ነው። የሰፈራችን ሉካንዳ ጾም ሲገባ ዘጋ። ሳንባውም አጥንቱም ቀረ። ጃክ ሩዝና ድንች፣ አንዳንዴም ሽንኩርትና በርበሬ ያልነካው የተቀቀለ ምስር እየበላ ከረመ። ከስቶ ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ሆሳዕና አካባቢ ጆሮውን ገልጬ ባይ ንጹሕ ነው! መዳፉ ላይ ጸጉር በቅሏል። እኔ ጠብታው ሠራ ብዬ ተደሰትኩ። ፋሲካ መጣ፣ ቅርጫ ገባን፣ ጃክም ሳንባና አጥንቱን አገኘ። በሦስተኛው ቀን ማታ የእግሩን ድምፅ ሰማሁ፤ በሩ ላይ ዱብ ዱብ ዱብ። እያከከ ነው።

ይህን ለእንስሳት ሐኪሙ ስነግረው ሳቀ። "ሳያውቁት ምርመራውን ጀምረውልኛል" አለኝ። የምግብ አለርጂ የሚለየው 8 ሳምንት የለመደውን ምግብ በማስቀረት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ10 አለርጂክ ውሾች ከ9 በላይ የሚሆኑት ለውጥ ያሳያሉ። 8 ሳምንት 56 ቀን ነው፤ ሁዳዴ 55። የደም ምርመራ ካለ ልክፈልና ይገላግለኝ ብዬው ነበር፣ ለምግብ አለርጂ አይታመንም አለኝ።

እኔ እኮ ጥፋተኛው ስንዴ ነው እል ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የምግብ አለርጂ ያለባቸውን 297 ውሾች ያጠቃለለ ጥናት ወጥቶ ነበር። የበሬ ሥጋ 34 በመቶውን፣ የወተት ተዋጽኦ 17፣ ዶሮ 15፣ ስንዴ 13 በመቶውን ያስቸግራል ይላል። አየሽ፣ የምንሳሳለት ሥጋ ነው የሚቀድመው።

አሁን ልብ በይ። "ለአለርጂ ጥሩው ሥጋ የቱ ነው?" ብለሽ አትጠይቂ። ጥያቄው "ውሻዬ በልቶት የማያውቀው የቱ ነው?" ነው። ጃክ በሕይወቱ ዓሣ ቀምሶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ቆሮሶ ገዝቼ፣ ቀቅዬ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅሜ ከድንች ጋር ሰጠሁት። የአንቺው ግን የሐዋሳ ውሻ ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ጭንቅላት ሲበላ ካደገ ዓሣ አይሆንሽም። ፍየል ቀምሶ ካላወቀ በፍየል ጀምሪ።

ከሱፐርማርኬት ልግዛ ካልሽ ደግሞ ከረጢቱን ገልብጪና ከጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢ። ፊቱ ላይ የበግ ሥዕል ያለበትን ገዝቼ ተሸውጃለሁ፤ ውስጡ የዶሮ ስብና የዶሮ ዱቄት ነበር። በአውሮፓ ደንብ "በግ ያለበት" ብሎ ለመጻፍ 4 በመቶ በግ ይበቃል። "ሥጋና የእንስሳት ተዋጽኦ" ብሎ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ የማይናገረውንማ እዚያው ተዪው። የትል ኪኒንም ቢሆን አንዳንዱ የሥጋ ጣዕም አለው፣ ሐኪሙን ጠይቂ።

ከዓሣው ይልቅ የከበደኝ ሰው ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተሽሎት የነበረው ጃክ እንደገና ማከክ ጀመረ። ግራ ገባኝ። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ብገባ ጎረቤታችን እማማ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ዳቦ በወተት እያራሱ ያጎርሱታል።

"እማማ! ተከልክሏል ብዬ አልነበር?"

"እንዴ ልጄ፣ እንስሳ ይጾማል? ኃጢአቱ ለማን ነው?"

ሦስቱ ሳምንት ገደል ገባ። ከአንድ ብዬ ጀመርኩ። አንቺ ከመጀመርሽ በፊት ለዘበኛውም፣ ለልጆቹም፣ ለጎረቤቱም ንገሪ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ 8 ሳምንቱ ሞላ። ጆሮው ደረቀ፣ ሽታው ጠፋ። ለማረጋገጥ የለቀቀውን ምግብ መልሶ መስጠት ያስፈልጋል፤ እጄ እየፈራ ትንሽ ሳንባ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ዱብ ዱብ ዱብ። በቃ፣ የበሬ ሥጋ ነው። ወተትን ገና ለብቻው አልሞከርኩም፣ አቅም አጣሁ። ዓሣና ድንች ብቻውን ለዓመታት እንደማይበቃም ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል፤ ካልሲየም ይጎድለዋል፣ እሱ ያዘዘልኝን ዱቄት እጨምርበታለሁ።

ውሻሽ እስከ ዛሬ የበላውን ሁሉ፣ ብስኩቱንም ሳይቀር፣ ጽፈሽ ላኪልኝ። መጪውን መስቀል እዚህ እኔ ጋ ብትውዪ ደግሞ አብረን እናየዋለን።

እማማ ሰላም ብለውሻል። ፍልሰታን እየጾሙ ነው። ጃክን ባዩት ቁጥር "የኔ ጾመኛ" ይሉታል፣ እኔን ግን ዛሬም በጎን ነው የሚያዩኝ።

ጓደኛሽ