የደረት ሕመም ሁሉ ጨጓራ አይደለም

ይድረስ ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ታናሽ ወንድሜ በክሊኒካችሁ ስላገኘው ሕክምና ቅሬታ ስለማቅረብ

ታናሽ ወንድሜ ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ነው። ደረቱን ሲያመው ወደ እናንተ ይዤው መጣሁ። ለሐኪማችሁ በደንብ አስረድቷል፦ «በጀርባዬ ስተኛ ይወጋኛል፤ አየር ስስብ ይብሳል፤ ተቀምጬ ወደ ፊት ጎንበስ ስል ቀለል ይለኛል።» ትራስ አቅፎ ቁጭ ብሎ እንደሚያነጋም እኔ ጨመርኩ። ሐኪሙ ሆዱን ጫን ጫን አደረገና «ጨጓራ ነው» አለ። ማዳመጫው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አዘዘለት፤ በርበሬ እንዲተው፣ ማስታገሻ እንዳይነካ ነግሮ ሸኘን።

ሕመሙ ባሰበት። ሌላ ሆስፒታል ስንሄድ ተረኛዋ ሐኪም ጎንበስ አድርጋ ደረቱን አዳመጠችው። ቆዳ ከቆዳ ጋር ሲፋተግ የሚመስል ድምፅ ሰማች። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሣ፤ የልብ አልትራሳውንድ ተሠራለት። የልቡ ሽፋን ተቆጥቷል፤ ፔሪካርዳይቲስ ነው ተባልን። ጥቂት ውሃም ቋጥሯል። በአገራችን ቲቢ አንዱ ዋና መንስኤ ስለሆነ ለእሱም መረመሩት፤ አልተገኘበትም። አይቡፕሮፌን የሚባለው ማስታገሻ ከምግብ ጋር፣ ቁጣውን የሚያበርደው ኮልቺሲን ደግሞ ለ3 ወር ታዘዘለት። ከባድ ሥራም ተከለከለ። አስቡት እንግዲህ፤ እናንተ እንዳይነካ ያላችሁት ማስታገሻ ነው ሕክምናው! ኦሜፕራዞሉም ቢሆን የቀጠለው አይቡፕሮፌኑ ጨጓራውን እንዳይጎዳው ነው።

ጨጓራ የሚያመው ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ኢሲጂ አላችሁ፤ ዋጋው ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ታዲያ ደረቴን ብሎ ለመጣ ሰው ካልተነሣ ለማን ሊነሣ ነው? የካርዱን ኮፒ ወስጄ አየሁት። «የሆድ ሕመም» ይላል፤ ደረት የሚል ቃል የለበትም። የደም ግፊቱም አልተጻፈም። ውሃው በዝቶ ልቡን ቢያፍነው ኖሮ ግፊቱ ይወርድ ነበር፤ በመርፌ ቶሎ ካልተቀዳ ደግሞ ሰው ይሞታል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የከፈልነው ገንዘብ ይመለስልን አላልኩም። ወንድሜ የተናገረው በካርዱ ላይ በትክክል ይስፈር። ደረቱን አሞት የሚመጣ ሰው ስትተኛ ይብስብሃል ወይ ተብሎ ይጠየቅ፤ ይደመጥ፤ ኢሲጂ ይነሣ። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነም በጊዜ ሪፈር ጻፉለት። ምን እንዳደረጋችሁ በጽሑፍ አሳውቁኝ። መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለከተማው ጤና መምሪያ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚው እህት