ምሕረቱም በጽሑፍ ይሁን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ትራፊክ ፖሊስ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲያሽከረክር ያገኘውን ሰው መቅጣት ወይስ መክሮ መልቀቅ እንዳለበት በራሱ ሚዛን ሊወስን ይገባዋል ወይ በሚለው ጉዳይ ላይ የሚቀርቡ አስተያየቶችን በጥሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። አንዱ ወገን ይህ ሥልጣን የአድልዎና የጉቦ በር ነውና ጨርሶ ይዘጋ ሲል፣ ሌላው ደግሞ ርኅራኄ የሌለው ሕግ ጭካኔ ስለሚሆን ፖሊሱ ኅሊናው እንደፈቀደለት ይሥራ ይላል። ከሁለቱም ጋር ሙሉ በሙሉ መስማማት ስላልቻልኩ፣ ነገሩንም መንገድ ዳር ቆሜ በዐይኔ ስላየሁት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አመሻሽ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ገና ሳይደርቅ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሆነበት መንገድ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ከፊቴ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ቀድሞኝ ቆሟል። ፖሊሱ ለሾፌሩ የራዳሩን ቁጥር አሳየው፤ 58 ይላል። «አንተ፣ መንጃ ፈቃድህን አምጣ» አለው። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ እንደጨበጠ፣ ጭነቱን በሰዓቱ ካላደረሰ ከክፍያው እንደሚቆረጥበት፣ ከዚያ በፊትም ተከስሶ እንደማያውቅ ሊያስረዳ ቢሞክርም የክስ ወረቀቱ ተጽፎ ተሰጠው። ከዚያ ፖሊሱ ወደ እኔ መጣ። የእኔ ፍጥነት 65 ነበር። የሥራ መታወቂያዬ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር አብሮ ስለነበረ ዐይኑ እሱ ላይ ዐረፈና፣ «መምህር ነዎት እንዴ? እባክዎ ቀስ ብለው ይንዱ፣ መንገዱ ያንሸራትታል» ብሎ ሁለቱንም መለሰልኝ።

የሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ ገና እሱን «አንተ»፣ እኔን «እርስዎ» ሲል ተጀምሯል። የጭነት መኪናው ሾፌር ወረቀቱን እያጠፈ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ምንም አላለም። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ግን አልነበረብኝም።

በዚያው ሰሞን ለተማሪዎቼ የማስተምረው ትምህርት አንድ ተሽከርካሪ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚጓዘው ርቀት ነበር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት በዚያች ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ በደንብ ቢይዝለት ሌላ 14 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። እንግዲህ በ28ኛው ሜትር ላይ አንድ ሕፃን መንገድ እያቋረጠ ቢሆን መኪናው አፍንጫው ሥር ይቆምለታል ማለት ነው። ያው መኪና በ55 ሲነዳ የነበረ ቢሆንስ? ሕፃኑ ጋ ሲደርስ ገና በ28 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየገሠገሠ ነው። በ65 ሲነዳ የነበረ ከሆነ ደግሞ የሚደርስበት በ50 ገደማ ነው፤ ማለትም ሕጉን ያከበረው ሾፌር ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ የእኔ መኪና ሕጋዊው ሾፌር ፍሬን ከመያዙ በፊት በነበረው ፍጥነት ያህል እየበረረች ታልፍ ነበር። ይህን ስሌት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዞር ስል ያ አመሻሽ ትዝ አለኝ። ያን ዕለት አስፋልቱ ደግሞ እርጥብ ነበር።

ይህን ያነሣሁት «አሥር አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ምን አላት» የሚለው አባባል በብዙዎቻችን፣ በፖሊሶቹም ጭምር፣ ውስጥ ሥር የሰደደ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሞቱ ገልጿል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ እጅ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረሱ ዕድል በመቶ አራት እጅ ያህል እንደሚጨምርም ይኸው ድርጅት ያስረዳል። ስለዚህ ፖሊሱ ሲምረኝ የማረልኝ የእኔን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በዚያ መንገድ ሊያቋርጥ የነበረ፣ እሱም እኔም የማናውቀው ሰው የነበረውን ድርሻም ጭምር አሳልፎ ሰጥቶልኛል።

እንዲህም ሆኖ የፖሊሱ በራሱ አመዛዝኖ የመወሰን ሥልጣን፣ የሕግ ሰዎች ፍቅደ ሥልጣን የሚሉት፣ ይነጠቅ ከሚሉት ጋር አልቆምም። የመንገድ ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይነሣ የተረሳ የፍጥነት ምልክት አለ፤ ቅርንጫፍ የሸፈነውም አለ። የታመመ ልጁን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት የሚሮጥ አባት አለ። ለዚህ ሰው ፖሊሱ ማድረግ ያለበት ወረቀት መጻፍ ሳይሆን ከፊቱ ሆኖ መንገድ ማስከፈት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ወሰኑን ሳያልፍ፣ 48 ላይ ሆኖ፣ ጭጋግ በሸፈነውና ተማሪዎች በሚያቋርጡበት መንገድ ላይ የሚከንፍ ሾፌር አለ፤ ወሰኑ የሚነግረን ከዚያ በላይ እንዳንሄድ እንጂ ሁልጊዜ እስከዚያ ድረስ መሄድ እንደምንችል አይደለም። ካሜራ ታርጋ ያነባል፣ ፊት አይቶ አያዳላም፣ ይህም ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ነገር ግን ጭጋጉንም ሆነ የታመመውን ልጅ አያይም። ፖሊስ መንገድ ላይ የሚቆመው ካሜራ የማያየውን እንዲያይ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ምሕረቱ አይደለም፤ ምሕረቱ ምንም ምልክት ሳይተው መቅረቱ ነው። ከላይ ከነገርኳችሁ ከአራት ወር በኋላ፣ ለስብሰባ እየተቻኮልኩ ሳለ፣ ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ፖሊስ አስቆመኝ። «ከዚህ በፊት በፍጥነት ተይዘው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። መዝገብ ላይ ምንም እንደሌለ ዐውቃለሁ። እውነቱን ነገርኩት፤ አንድ ጊዜ ተይዤ በምክር ተለቅቄአለሁ አልኩት። ደንገጥ ብሎ አየኝና ቀጣኝ፤ ትክክል ሠርቷል። ግን አልተያዝኩም ብለው ኖሮ ማን ያጋልጠኝ ነበር? ምክር ብቻ ተሰጥቶት የሚለቀቅ ሰው ዐሥር ጊዜ ቢያዝ ዐሥር ጊዜም «የመጀመሪያዬ ነው» ማለት ይችላል። በአንጻሩ ያ የጭነት መኪና ሾፌር ያን ዕለት በ58 የተያዘው በስሙ ተመዝግቦ ይኖራል፤ እኔ በ65 የተያዝኩት ግን እንዳልነበረ ሆኗል።

ያልተጻፈ ምሕረት በቀላሉ ዋጋ የሚተመንለት ምሕረት መሆኑንም ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀት በሌለበት ቦታ ከወረቀቱ ያነሰ ገንዘብ ይመጣል። ይህን የምለው ፖሊሶችን በጅምላ ለመወንጀል አይደለም፤ በጸሐይና በብርድ ቆሞ የሚውለው ሐቀኛው ፖሊስ ራሱ፣ የለቀቀው ሰው ሁሉ «ስንት ሰጠው?» ተብሎ ሲጠረጠር፣ ስለ ንጽሕናው የሚያሳየው ማስረጃ የለውም።

ምሕረት ሲጻፍ ምን እንደሚታይ በሌላ አገር ከተደረጉ ጥናቶች መረዳት ይቻላል። በአሜሪካዋ የፍሎሪዳ ግዛት ከወሰኑ በላይ በሰዓት 10 ማይል (16 ኪሎ ሜትር ያህል) ላይ ሲደረስ ቅጣቱ ከፍ ስለሚል፣ ብዙ ፖሊሶች ለሾፌሩ ሲያዝኑለት ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው ልክ 9 ማይል ብለው ይጽፉ ነበር። ፊሊፔ ጎንሳልቬስና ስቲቨን ሜሎ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እነዚያን ወረቀቶች ሰብስበው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ ቅናሽ ከጥቁሮችና ከሂስፓኒክ (ከላቲን አሜሪካ የዘር ሐረግ ካላቸው) ሾፌሮች ይልቅ ለነጮች በብዛት ይደረግ እንደነበረ አሳይተዋል። ከዚህ ይበልጥ ልብ የሚባለው ግን አድልዎው የሁሉም ፖሊሶች አለመሆኑ፣ የትኞቹ እንደሚያዳሉና የትኞቹ እንደማያዳሉ መለየት መቻሉ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛትም ከቅጣቱ ጋር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎች ጭምር ተመዝግበው በመገኘታቸው፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ሾፌር ከአገሬው ሾፌር ይልቅ በማስጠንቀቂያ ፈንታ ቅጣት የሚደርስበት ዕድል ከፍ እንደሚል እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ተደርሶበታል። ምሕረቱ በቃል ብቻ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፖሊሱ በፍጥነት ምክንያት ያስቆመውን ሰው ሁሉ ይመዝግብ፤ ቢቀጣውም ቢለቀውም። በሚለቀው ጊዜ የተለካው ፍጥነት፣ ወሰኑ፣ ቦታው፣ ሰዓቱና የተለቀቀበት ምክንያት በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ግልባጩም ለሾፌሩ ይሰጥ። ማስጠንቀቂያው ቅጣት ስላልሆነ አንድ ዓመት ካለፈው ይሰረዝ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ደግሞ የተያዘ ሾፌር ግን ሁለተኛ ምክር አያግኝ። ምክንያት ሆነው ሊጻፉ የሚችሉት ነገሮችም አስቀድመው ይታወቁ፦ የመንገዱና የአየሩ ሁኔታ፣ የእግረኛው ብዛት፣ ወሰኑ የታለፈበት መጠን፣ አጣዳፊ ችግር፣ የምልክት ጉድለት። «መምህር ነው» የሚል ምክንያት ለመጻፍ የሚደፍር ፖሊስ ያለ አይመስለኝም፤ የኔው ፖሊስ ያን ዕለት ብዕር አንሥቶ ምክንያቱን እንዲጽፍ ቢጠየቅ ኖሮ እጁ ይያዝ ነበር።

ወለልና ጣሪያም ያስፈልጋል። በእንግሊዝና በዌልስ የፖሊስ አዛዦች ምክር ቤት መመሪያ መሠረት፣ ወሰኑ 30 ማይል በሆነበት መንገድ እርምጃ የሚጀምረው ከ35 ማይል ነው፤ እስከ 42 ማይል ድረስ ሾፌሩ በቅጣት ፈንታ የፍጥነት ግንዛቤ ሥልጠና ሊላክ ይችላል፤ 50 የደረሰ ግን ፍርድ ቤት ይቀርባል። መመሪያው የፖሊሱን ሥልጣን እንደማይተካም አብሮ ተገልጿል። ሾፌርም ፖሊስም የሚያውቁት መስመር ሲኖር፣ ፖሊሱ ከመስመሩ ወጣ ሲል ለምን እንደወጣ መጠየቅ ይቻላል። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት አጠገብ ግን ከአጣዳፊ ሕመም በቀር ምሕረት የሚባል ነገር ባይኖር እመርጣለሁ።

ይህን ሐሳብ ለወዳጆቼ ሳነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ፣ ፖሊሱ መጻፍ ግዴታው ከሆነ ምሕረት ማድረጉን ትቶ ሁሉንም ይቀጣል የሚል ነው። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በተለይ አለቆች መዝገቡን እያገላበጡ «ለምን ይህን ያህል ሰው ለቀቅህ?» ማለት ከጀመሩ እንደተባለው ይሆናል። ስለዚህ መዝገቡ መታየት ያለበት በቁጥር ብዛት ሳይሆን ተመሳሳይ ፍጥነት ያላቸው ሾፌሮች ተመሳሳይ ውሳኔ አግኝተዋል ወይ በሚል ዐይን መሆን አለበት፤ ለፖሊስ የቀን የክስ ኮታ መስጠትም በግልጽ መከልከል ይኖርበታል። የጊዜ ጉዳይ ግን አያሳስበኝም። መንጃ ፈቃዴን ለማየት የፈጀበት ጊዜ አንድ መስመር ለመጻፍ ይበቃው ነበር።

ያ የጭነት መኪና ሾፌር ዛሬ የት እንደሚነዳ አላውቅም። ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ከሆነ፣ ያን ዕለት ከእሱ ኋላ ቆሞ የነበረው የቤት መኪና በ65 ሲሄድ እንደተያዘ እንዲያውቅ እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር