እምየ፣ ማንም አልበላኝም

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እምየ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ማሽላው ገባ ወይ? እናንተ ጋ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ብርዱ ጠንክሯል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ደህና ነኝ። አንቺን ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ እውነት ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የወንድሜ ልጅ ታነብልሻለች። ቀስ ብላ ታንብብ። ያልገባሽ ነገር ካለ ትድገምልሽ። ቡናው ገና አቦል ላይ ከሆነ ጥሩ፤ በረካው እስኪደርስ ታልቀዋለች። እትየ ዘይነባ አጠገብሽ ካለችም ትስማ። እሷ የማታውቀው የቤታችን ጉዳይ የለም።

በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ ይቆራረጣል። አንቺም ገና "ዓይኔን" ስል ታለቅሻለሽ፣ ሳንጨርስ እንዘጋለን። ለዚህ ነው በወረቀት ያደረግሁት።

ባለፈው ሁለት ነገር ነገርሽኝ። አንዱ የግሸኗ ስለት ነው። እኔ ስወለድ ለማርያም ጥላ ተስለሽ ነበር። ዛሬ ነገ ስትይ ጉልበትሽ ደከመ፣ ዳገቱን ሳትወጪው ቀረሽ። "የልጄ በሽታ የእኔ ዕዳ ነው" አልሽኝ። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሸክላ ሠሪዋን እትየ ከበቡሽን፣ "ልጄን በላቻት" ብለሽ፣ ሰላም ማለት እንዳቆምሽ ነገርሽኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

የዛሬ አራት ዓመት የግራ ዓይኔ ሲደበዝዝ ምች ነው ብለሽ ዳማከሴ አሸሽልኝ። አልተቀየምኩሽም። በሁለት ሳምንት ሲሻለኝ ሁላችንም ምች ነው ብለን አመንን። ቀጥሎ እግሬ ደነዘዘ። አንገቴን ጎንበስ ሳደርግ ከጀርባዬ እስከ እግሬ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኝ ጀመር። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ "ጭንቀት ነው፣ ዕረፍት አድርጊ" ብለው መለሱኝ። ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በዚያ ጠፋ። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። በሽታው ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ አገሮች ነው የሚበዛው። ስለዚህ እኛ ጋ ቶሎ ትዝ የሚለው ሐኪም አይበዛም። በመጨረሻ ኤምአርአይ የሚባል የውስጥ ፎቶ ተነሳሁ። አንጎሌና ህብለ ሰረሰሬ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ታዩ። ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው አሉኝ፤ ባጭሩ ኤምኤስ።

አዲስ የመጣ ነገር አይደለም እምየ። ሻርኮ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ፓሪስ ውስጥ በፈረንጆቹ 1868 በደንብ ጽፎታል (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶችም የፈረንጆቹ ናቸው)። በእኛ አቆጣጠር 1860፣ ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የወደቁበት ዓመት መሆኑ ነው። ያኔ ታውቋል፣ ግን መነሻው ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ግራ ሲያጋባ ኖረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነርቭን እንደ መብራት ሽቦ በይው። ሽቦው ላይ ላስቲክ አለ፣ ማይሊን ይባላል። ላስቲኩ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል ወይም መንገድ ላይ ይቀራል። ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይከዳል። የሚልጠው ማነው ካልሽኝ፣ የራሴ ሰውነት ጠባቂዎች ናቸው። ከበሽታ ሊጠብቁኝ የቆሙት።

የማሽላውን ማማ አስታወስሽ? ወንድሜ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሌሊት ማሽላው ውስጥ ኮሽታ ሰማ፣ ከርከሮ መሰለው፣ ወንጭፉን ለቀቀ። ሲነጋ የገዛ ጥጃችን እግሯን ተመትታ ስታነክስ ተገኘች። አንቺ ልትገርፊው ተነሳሽ። አባባ፣ ነፍሱን ይማርና፣ "ተይው፣ ልጁ አልተኛም። በጨለማ የመሰለውን ነው የመታው" አለ። የእኔም ሰውነት ያደረገው ይህንኑ ነው። ጠላት የመሰለውን መታ።

ታዲያ ከርከሮው ማነው? እሱን ነው ሰሞኑን ሳነብ የሰነበትኩት።

ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ አለ። መጀመሪያ የተገኘው በ1964 ነው። ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከኡጋንዳ፣ ዕጢ ከወጣባቸው ሕፃናት የተወሰደ ናሙና እንግሊዝ አገር ተልኮ፣ አንቶኒ ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና በርት አቾንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች አዩት። ቫይረሱ በምራቅ ይተላለፋል። ከመቶ አዋቂ ሰው ዘጠና አምስት ያህሉ ውስጥ አለ። አንቺም ጋ ሳይኖር አይቀርም፣ እትየ ዘይነባም ጋ።

አሁን ደግሞ "በእኔ ጉርሻ ነው የያዛት" እንዳትይ! በልጅነቱ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። ስጋቱ ከፍ የሚለው ጎረምሳ ወይም ኮረዳ ከሆኑ በኋላ ይዞ በትኩሳት ሲጥል ነው። ጉርሻሽን እግዜር ይስጥልኝ።

በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ያለው የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትልቅ ጥናት አወጡ። የአሜሪካ ወታደሮች ለኤችአይቪ ምርመራ ደም ይሰጣሉ፣ የተረፈው ይቀመጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነው። ከ10 ሚሊዮን በሚበልጡ ወታደሮች መካከል በኤምኤስ የታመሙትን ፈለጉ። ከዚያ ሳይታመሙ በፊት የሰጡትን ደም መረመሩ። ካጠኗቸው 801 ህመምተኞች ውስጥ ከመታመሙ በፊት ቫይረሱ ያልተገኘበት አንድ ሰው ብቻ ነው። በቫይረሱ መያዝ በኤምኤስ የመታመምን ዕድል 32 እጥፍ ያደርገዋል። ሌሎች ቫይረሶች እንዲህ አላደረጉም።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጥጃዋን አገኟት። የቫይረሱ አንዲት ቁራጭ አንጎላችን ውስጥ ካለ ግሊያልካም ከሚባል ፕሮቲን ጋር ትመሳሰላለች። ቫይረሱን ለመምታት የተሠራው ወንጭፍ የራስን አንጎልም ይመታል። ይህን ሳነብ አባባ ትዝ አለኝና አለቀስኩ። በጨለማ የመሰለውን።

እርግጥ ቫይረሱ ብቻውን አይበቃም። ያ ቢሆን አገሩ ሁሉ በታመመ። የዘር ነገር አለ፣ የፀሐይና የቫይታሚን ዲ ነገር አለ፣ ሲጋራ አለ። ሴቶችን ከወንዶች እጥፍ በላይ ይይዛል። ስለ ዘሩ አንድ የገረመኝን ልንገርሽ። አውሮፓ ውስጥ ኤምኤስን የሚያበዛው ዘረመል የመጣው ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምሥራቅ ከፈለሱ ከብት አርቢዎች ነው አሉ። ለእነሱ ጠቅሟቸው ነበር ብለው ያስባሉ፤ ከከብት ከሚመጣ በሽታ ይጠብቃቸው ነበር። አየሽ፣ በአንድ ወቅት በረከት የነበረ ነገር ነው።

አሁን ወደ እትየ ከበቡሽ ልምጣ።

በግንቦት መጥቼ የሆነውን አልረሳሁትም። ቀኑ በጣም ሞቃት ነበር። እኔ ምድጃው ሥር ተቀምጫለሁ። ቡናው ሲፈላ እትየ ከበቡሽ ጀበና ይዛ ገባች። ያን ጊዜ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ፣ እግሬም ተሳሰረ። አንቺ ደነገጥሽ። እሷ እንደወጣች "በላቻት" አልሽ። ከነጠላዋ ክር አስፈልገሽ ልታጥኚኝ ሁሉ ተነሳሽ። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። ያን ዕለት ዝም ማለቴን አሁንም አልረሳሁትም።

እምየ፣ የሆነው ሙቀቱ ነው። ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 ህመምተኞቹ ሰውነታቸውን ሲያደክሙ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚፈዝ ጻፈ። ኋላ ዋናው ምክንያት የሰውነት መሞቅ መሆኑ ታወቀ። ላስቲኩ የተላጠ ሽቦ ሲሞቅ መልእክቱ ይከብደዋል። ግማሽ ዲግሪ የምትሆን ጭማሪ እንኳ ትበቃለች። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፣ አዲስ ጉዳትም አይደለም። ራስሽ አይተሻል፤ በረንዳ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኔ ተመለሰ። እዚህ አዲስ አበባም በሙቅ ውኃ ስታጠብ ያው ነው የሚያደርገኝ። እዚህ ደግሞ እትየ ከበቡሽ የለችም።

ያቺ ሴት ሃያ ዓመት በሠራችው ምጣድ ጋግረሽ አሳድገሽኛል። አባባ ሲሞት ከማንም ቀድማ የደረሰች እሷ ናት። ሸክላ ስለሠራች ነው የሚፈሯት እንጂ ሌላ ምን አደረገች? በእኔ በሽታ የተነሳ መንደር ውስጥ አንገቷን ደፍታ ስትሄድ ማሰብ ከበሽታው በላይ ያመኛል።

ስለቱንም ላንሳ። ዘንድሮ መስከረም 21 የግሸን ዕለት ስታለቅሺ እንደዋልሽ ነገሩኝ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ መስከረም 26፣ ስዊድን ውስጥ የሕክምናው ኖቤል ሽልማት ተነገረ። የተሸለሙት ሜሪ ብራንኮው፣ ፍሬድ ራምስዴልና ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ ናቸው። ራምስዴል ስልኩን ዘግቶ ተራራ ላይ ስለነበር ቶሎ አላገኙትም። ያጠኑት ይህንኑ የእኔን ጉዳይ ነው፤ ጠባቂዎቹ ለምን ሁላችንንም አይመቱም የሚለውን። ሳካጉቺ በ1995 ሌሎቹን ጠባቂዎች የሚያበርዱ ልዩ ሴሎች እንዳሉ አሳየ። ሁለቱ አሜሪካውያን ደግሞ በ2001 እነዚያን ሴሎች የሚያዘውን ዘረመል አገኙ። አንቺ እንዲገባሽ፣ አባጋር በያቸው። ጎረምሳው ደም ሊፋሰስ ሲነሳ መሃል ገብተው "ተው፣ ወንድምህ ነው" የሚሉት። በሰውነታችን ውስጥም አባጋር አለ። አባጋሮቹ ሲያንሱ ወይም ሲደክሙ የራስ በራስ በሽታ ይመጣል። አሁን አባጋሮቹን አብዝቶ ለመመለስ እየሞከሩ ነው። ገና ሙከራ ነው።

ከዚህ ውስጥ የአንቺን ስለት የት ላግባው? ቦታ የለውም። ማርያምም እንዲህ አታደርግም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለእትየ ዘይነባም ወሬ አለኝ። የእህቷ ልጅ የያዛት ሉፐስም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እሷን ኩላሊቷንና መገጣጠሚያዋን ይመታል። ጀርመን ውስጥ ኤርላንገን በሚባል ከተማ፣ በ2021 ሉፐስ የጸናባትን አንዲት ወጣት ከራሷ ደም ሴል ወስደው፣ አሠልጥነው መልሰው ሰጧት። ስህተተኞቹን ጠባቂዎች ለቅመው አጠፉላት። በ2024 የ15 ሰዎችን ውጤት ጻፉ፤ በሉፐስና በመሰል በሽታዎች የታመሙ ነበሩ። ሁሉም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን መድኃኒት አቆሙ። በኤምኤስም እየተሞከረ ነው። በጣም ውድ ስለሆነ እኛ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ግን ንገሯት። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማወቅ ብቻውን ያበረታል።

የእኔ መድኃኒት ሪቱክሲማብ ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው ለደም ካንሰር ነው። ያ ቫይረስ የሚደበቅበትን የነጭ ደም ሴል ዓይነት ያጸዳል። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ለኤምኤስ መሠረታዊ መድኃኒት ብሎ መዝግቦታል። በስድስት ወር አንድ ጊዜ በግሉኮስ መልክ ይሰጠኛል። የተላጠውን አይመልስም፣ ሌላ እንዳይላጥ ግን ይይዘዋል። ከጀመርኩ ወዲህ አዲስ ነጠብጣብ አልታየም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። "መድኃኒቱን ትተሽ ጠበል ብቻ ተጠመቂ" የሚሉሽን አትስሚያቸው። ጠበሉን አልተውኩም። ቀዝቃዛ ስለሆነ ደግሞ ሰውነቴ ይወደዋል። መድኃኒቱን ግን አንድ ዙር እንኳ አላሳልፍም፣ አንቺም እንድተወው አትጠይቂኝ። አንዴ የተላጠ ነርቭ እንደ ቁስል ደርቆ አይሽርም።

ስለ ልጄም ትጨነቂያለሽ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እናቷ የታመመች ልጅ የመያዝ ዕድሏ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ታቅፌያት እተኛለሁ፣ በአንድ ሳህን እንበላለን። አብሽሪ።

ቀጣዩ መድኃኒት ታኅሣሥ 10 ነው። አንድ ሳምንት አርፌ ለገና እመጣለሁ። ጥላውን መርካቶ ገዝቼዋለሁ፣ ሰማያዊ ነው፣ ወርቃማ ዘርፍ አለው። ለሚቀጥለው መስከረም የአጎቴ ልጆች ይዘውት ይወጣሉ፣ እኔና አንቺ እግረ ተራራው ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃቸዋለን።

ከዚያ በፊት ግን እትየ ከበቡሽን ቡና ጥሪያት። እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ በዚህ ሳምንት። ሰው ሳትልኪ አንቺው ራስሽ ደጇ ሄደሽ። እትየ ዘይነባ አብራሽ ትሂድ፣ አንደበቷ ርቱዕ ነው። የመጣሁ ዕለትም እንድትኖር ንገሪያት። እሷ በእኔ ቦታ፣ ምድጃው አጠገብ ትቀመጥ። እኔ በር ሥር፣ ነፋሱ ጋ እሆናለሁ።

ልጅሽ